በስምህ የጠሩት ዳገት

ተሼዬ፣ የልጄ አባት፣

ፍልሰታ ሲፈታ ከተለያየን ሁለት ዓመት ይሞላናል። እንዴት አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ያለህበት ብርድም ዳገትም የለም ይላሉ፣ ደህና እንደሆንክ አምናለሁ። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ተናድጃለሁ። የምጽፍልህ ናፍቄህ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ናፍቆቱማ መቼ ቀረ። ንዴቴን የምነግረው ሰው ብፈልግ ካንተ በቀር አጣሁ፣ ከምቆጣባቸው ሰዎች አንዱ ደግሞ አንተው ነህ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያልኩ ብዙ ጊዜ ዋጥ አድርጌው ነበር። ዛሬ ግን ልናገር።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ፣ ያለዚያ ሐሳብ ይዞህ አታዳምጠኝም። ሳትጨርሰው የሄድከውን የጓሮ በር እኔና መቅደስ በገመድ እያሰርን እንገባበታለን። ሌላ አናጢ ጠርቼ ባንተ እንጨት ላይ ምስማር እንዲመታበት አልፈለግኩም። ጥቁሯ በግ መንታ ወለደች። ሱፍ መፍተሌን አልተውኩም፣ ዓይኔ ግን ስለደከመ መነጽር ገዝቻለሁ፤ ብታየኝ እስኪበቃህ ታሾፍብኝ ነበር። ደብረ ብርሃን እንደምታውቃት ናት። ፎቁ በዛ፣ ብርዱ ግን ንቅንቅ አላለም። መቅደስ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት፣ በቁመት ልትደርስብህ ምንም አልቀራት። ቡጢውንም አልተወችም። የሱፍ ቁራጭና ገለባ ጠቅጥቀህ ጓሮ የሰቀልክላትን ጆንያ ስትመታው ጎረቤት እንጨት የሚፈለጥ ይመስለዋል።

የተቆጣሁበትም ነገር የሚጀምረው ከዚሁ ከቡጢዋ ነው። ጋሻው፣ አብሮህ ጓንት ያጠለቀው፣ በዚያ በአዲስ አበባው ግጥሚያ ጥግህ ላይ ፎጣ ይዞ የቆመው ጓደኛህ፣ አሁን የክለቡ አሰልጣኝ ሆኗል። ከቀብርህ በኋላ መቅደስን እንደ ልጁ ያዛት፣ ለዚህ አመሰገንኩት። ዘንድሮ ግን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚወጣውን ዳገት "የተሾመ ዳገት" ብሎ ሰየመው። መታጠፊያው ላይ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ስምህን በነጭ ቀለም ጻፈበት። ሁዳዴ ሲገባ ልጆቹን በመኪና ቆላ ያወርድና በባዶ ሆዳቸው፣ የወታደር ጫማ አስጠልቆ ያስወጣቸዋል። ውሃ ልጠጣ የሚል ካለ "ተሾመ ጠጥቷል?" ይላል። ልረፍ የሚል ካለ "ተሾመ አርፏል?" ይላል። ስምህ አለንጋ ሆነልህ፣ ተሼ። ከሪንግ ውጪ በግ እንኳ መትተህ አታውቅም፣ ዛሬ የሰው ልጅ በስምህ ይገረፋል።

አዳራሹ ውስጥ ፎቶህን ሰቅሎ ታሪክህን ይነግራቸዋል። ሰውነትህ እንዲህ ነበር፣ ወኔህ እንዲያ ነበር፣ ለአዲስ አበባው ግጥሚያ እንዳንተ የተዘጋጀ ሰው ሸዋ አላየችም ይላል። ልጆቹ ታዲያ ለምን ተሸነፈ ብለው ሲጠይቁት "ዳኞቹ በልተውበት ነው" ብሎ ይደመድመዋል። ከተማውም እንደዚያው ነው የሚለው። እኔ ግን ወንበር ይዤ አይቻለሁ። ዳኞቹ ምንም አልበሉም። የሚበላ ነገር መች አስተረፋችሁላቸው!

የዚያን ሁዳዴ ነገር ላስታውስህ፤ መቅደስም እንድታነበው እፈልጋለሁ። ያኔ እሷ አልተወለደችም፣ እኛም ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም። አሰልጣኝህ ሰው ሁሉ ሻምበል የሚለው ጡረተኛ ወታደር ነበር፤ ነፍሱን ይማረው፣ እኔ ግን እስካሁን ይቅር አላልኩትም። የዱሮዎቹ ታላላቅ ቡጢኞች ዐሥራ አምስት ዙር የቆሙት በልምምድ ላይ ሞተው እየተነሱ ነው ይል ነበር። ይህን ሁሉ ሕግ ያወጣው ከአንድ አሮጌ መጽሔት ነው። አንድ የጥንት ቡጢኛ በወታደር ጫማ ሆኖ እንጨት ሲፈልጥ የሚያሳይ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነበረው፣ ከኪሱ አይለየውም። ፎቶውን እንጂ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ሰውዬው ሄዶ ጋደም ይበል አይበል አላየም።

አንኮበር ቤት ተከራይቶ አስቀመጠህ። ጎህ ሳይቀድ ወደ ቆላ ትወርዳለህ፣ ዳገቱን ትወጣለህ፣ ከሰዓት በኋላ ጆንያ ትመታለህ፣ ሲመሽ ሁለት ባና ደርቦብህ ላብህን ያወጣል። እነዚያን ባናዎች ሱፋቸውን የፈተልኩት እኔ ነኝ፤ እንዲያሞቁህ እንጂ እንዲያደርቁህ አልነበረም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለህ፣ ከዚያም የገብስ ቆሎና አንድ ጣሳ ውሃ፣ በቃ። ሰው ጾሙ ነው የጎዳው እንዳይል እውነቱን ልናገር። የንስሐ አባታችን ሊጠይቁህ አንኮበር ድረስ ወርደው ሲያዩህ ደነገጡ። ልጄ፣ አንተ እንደ ታመመ ሰው ነህ፣ ቶሎ ቅመስ፣ ውሃም ጠጣ፣ ፈትቼሃለሁ አሉህ። እምቢ ያለው ሻምበል ነው። ክብደቱ ቀንሶ ለግጥሚያው ሚዛን እስኪገባ ድረስ አይሆንም አለ። ቄሱ የፈቱትን አሰልጣኝ ያሰረበት አገር የእኛ ብቻ ይመስለኛል። ያስጾመህ ቤተ ክርስቲያን አልነበረችም፣ ሚዛን ነው።

ሆሳዕና ዕለት ግን ወደ ቤት ላከህ። ያን ቀን መቼም አልረሳውም። ዘንባባውን ጣትህ ላይ እንደ ቀለበት ጠምጥመህ በበሩ ገባህ። ቆዳህ ያበራል፣ ዓይንህ ይስቃል፣ ስትራመድ መሬቱ የሚገፋህ ትመስላለህ። ውሃ የሞላ እንስራ አዝዬ ሳለሁ እንስራውንም እኔንም አንድ ላይ ብድግ አድርገህ በግቢው አዞርከኝ፣ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። እናትህ ቆመው እያዩ ልጄ እሸት ሆኗል አሉ። እውነታቸውን ነበር። ገብስ እሸት የሚሆነው ለጥቂት ቀን ነው፤ ያኔ ካልቀጠፍከው ይደርቃል፣ ብትዘገይበት ደግሞ ይረግፋል። ግጥሚያው በዚያ ሳምንት ቢሆን ማን ይችልህ ነበር! ወይም እስከ ግጥሚያው ድረስ እንቅልፍ ቢሰጡህ፣ ትንሽ እየተፍታታህ ብትቆይ።

ሻምበል አየህና "ገና ነው" አለ። ገና! በማግስቱ ወሰደህ። ሰሙነ ሕማማቱን በሙሉ ዳገቱን አስወጣህ። ስቅለት ዕለት እንኳ ጠዋት ሮጠህ ነው ቤተ ክርስቲያን የገባኸው። አባታችን ለዚህ ልጅ ጥቂት ስግደት ይበቃዋል ሲሉ ሻምበል ከበር ቆሞ፣ ስግደቱም ለጉልበት ልምምድ ነው፣ አትቁም ብሎ በዓይኑ ይነዳህ ነበር። ለፈጣሪ የሚሰገደውን ስግደት ሳይቀር ለሪንግ ቆጠረው። ስቅለትን ያህል ቀን ከልምምድ ጋር የደመረ ሰው ከእኛ አሰልጣኞች በቀር የት ይገኛል? ለፋሲካ የቀረበልህን ዶሮ ገፋ አደረግከው። ከንፈርህ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሌሊቱን በሙሉ ዓይንህ ፈጦ አደረ፣ ጠዋት ደግሞ በትንሽ በትልቁ ትቆጣለህ። አንተ መቼ ተቆጪ ነበርክ!

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አዲስ አበባ ሄድን። ጃኬትህን ስታወልቅ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ሰውነትህ ከድንጋይ የተጠረበ ይመስል ነበር። እኔ ግን እግርህን አየሁ፤ የሆሳዕናው እግር አልነበረም። ሁለተኛው ዙር ላይ እጆችህ ማንም ሳይመታቸው ወረዱ። ዝም ብለው ወረዱ። ተጋጣሚህ ራሱ ግራ ተጋብቶ ቆም ብሎ አየህ፣ ከዚያ መታህ። ምን ያድርግ ልጁ? ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጭንቅላትህን ትከሻዬ ላይ ጥለህ "ዘኑ፣ ጉልበቴን ዳገቱ ላይ ረስቼው መጣሁ" አልከኝ። አልቅሰህ ነበር፣ ነጠላዬን አርሰኸዋል። ይህን የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ።

እኔ የምቆጣብህ ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ስንገባ ምን ተወራ? ሆሳዕና ዕለት ቤቱ አድሮ ነው፣ ሚስቱ ናት ጉልበቱን የበላችው ተባለ። ሻምበል ራሱ ነው ያስወራው። ወፍጮ ቤት ሴቶች ሲያዩኝ በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። አንተም ሰማህ፤ ሰምተህም ዝም አልክ። ሽማግሌ ነው፣ ያሳደገኝ ሰው ነው፣ አላዋርደውም አልከኝ። ዝም አይነቅዝም ብለህም ተረትክብኝ። ይነቅዛል፣ ተሼ! ያንተ ዝምታ ሃያ ዓመት አልፎት፣ ነቅዞ፣ ዱቄቱ ልጅህ ላይ ፈሰሰ። ያኔ አንዴ ወጥተህ "አብዝቼ ደክሜ ነው የተሸነፍኩት" ብትል ኖሮ ዛሬ ያ ድንጋይ ላይ ስምህ አይጻፍም ነበር።

ለእኛ ለቤቶችህ ግን ስትናገር እንዴት ደስ ትል ነበር። በኋላ ስልክህ ላይ የእነዚያን የጥንት ቡጢኞች ፊልም እያየህ መቅደስን ከጎንህ ታስቀምጣት ነበር። ይሄን እዪው፣ ሰውነቱ ያምራል አይደል? አሁን እግሩን እዪ፣ ልምምድ ላይ ጨርሶት ነው የመጣው፣ ትላታለህ። ጥቂት ቆይቶ ሰውየው ሲወድቅ እሷ በጭብጨባ ትስቃለች፣ አንተ ግን አትስቅም ነበር። ሌላውን ደግሞ ታሳያታለህ፤ ብልሁ ይሄ ነው፣ የመጨረሻውን ሳምንት ካርታ ሲጫወት ነው የከረመው ትላታለህ። መሬት እንኳ ታርፋለች እያልክ ልምምድ ከልክለህ ጥላ ሥር ታስተኛት ነበር። ያችን ምልክትህንም ለእኔ አስተማርከኝ። ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ የእጇን አንጓ ያዥ፣ የደም ሥሯ ከወትሮው ፈጥኖ ከመታ ያን ቀን ሩጫ የለም አልከኝ። ከሄድክ በኋላ አንድም ጠዋት አልዘለልኩም።

ዘንድሮ በሁዳዴ አጋማሽ የአንጓዋ ምት መፍጠን ጀመረ። ተኝታ እያለች፣ ዳገት ላይ እንዳለች ሁሉ። ነገርኳት፣ አይ እማዬ፣ ጋሽ ጋሻው ይህ የጥንካሬ ምልክት ነው ብሏል አለችኝ። ጉንጯ ጎደጎደ። እንቅልፏ ተበጣጠሰ። ምንም ያላደረገቻት በግ ላይ ጮኸችባት፣ ኋላ በዚያው አፍራ አለቀሰች። የወር አበባዋም ቀረ፤ ለአባት ይጻፋል አይጻፍም ብዬ አልተጨነቅኩም፣ አባቷ ነህና እወቀው። አንድ ማታ ገብቼ ሳይ ያን ያንተን ባና፣ ከሞትክ ጀምሮ አጥፌ ያስቀመጥኩትን፣ ደርባ ላቧን እያወጣች ነው። ሚዛን ልታስገባ። 

በማግስቱ አዳራሹ ሄድኩ። ልጆቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል፣ መቅደስም አለች። ጋሻውን በትህትና ነው ያናገርኩት መጀመሪያ። ልጄ ትረፍ፣ ግጥሚያው ለግንቦት ነው፣ አሁን ጨርሳ ምን ይዛ ልትገባ ነው አልኩት። እሱ ፈገግ ብሎ ወደ ፎቶህ አመለከተኝና "እትዬ ዘነበች፣ ተሾመ እኮ ጀግና የሆነው አርፎ አይደለም" አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ለሃያ ዓመት ካንተ ጋር የደበቅኩትን፣ በልጆቹ ሁሉ ፊት። ተሾመን ዳኛ አልበላውም አልኩ። ተሸንፏል። እጆቹ ሳይመቱ ነው የወረዱት። ይህ የምታመልኩት ዳገት ነው የጣለው፣ ጋሻውም ፎጣ ይዞ ቆሞ አይቷል፣ ዓይኔን አይቶ ሐሰት ነው ይበለኝ።  ጋሻው አንገቱን ደፋ። መቅደስ ጓንቷን ወለሉ ላይ ጥላ ወጣች።

ለሳምንት አላናገረችኝም። አባቴን በሰው ፊት አዋረድሽው የሚል ዓይን ነበራት፣ እሱ ዓይን ደግሞ ያንተው ነው፣ የሚያቃጥለኝም ለዚህ ነው። ከተማውም አልማረኝም። ያኔ የባሏን ጉልበት በላች ተባልኩ፣ አሁን ደግሞ ስሙን በላች እየተባልኩ ነው። ምን ዓይነት ሆድ ነው የሰጡኝ! ይበሉ። ስምህ ከልጅህ አይበልጥብኝም። አንተም ብትኖር ከልጅህ አይበልጥብህም ነበር፣ ይህን አውቃለሁ፣ ስለማውቅም ነው የደፈርኩት።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ሳህኑን እያየች፣ አባዬ በእውነት አልተበላበትም ወይ አለችኝ። የአውቶቡሱን ነገርኳት። ዳገቱ ላይ ረስቼው መጣሁ ያልከኝን፣ ነጠላዬን ያረስከውን።  ከዚያ ተነስታ በጠራራ ፀሐይ ገብታ ተኛች። ባናውን አምጥቼ አለበስኳት፣ እንድትሞቅ፣ ለተፈተለበት ጉዳይ። እስከ ማግስቱ ድረስ አልነቃችም። በመሀል እየገባሁ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር። የግንቦቱን ግጥሚያ ተወችው። ጋሻው ልጅቷን ገደልሻት ብሎ ሰው ላከብኝ፤ ሳትሞት ነው የያዝኳት ብዬ መለስኩለት።

በቀደም ራሱ መጣ። ሳትጨርሰው የቀረው በር ሥር፣ አንተ ስትጠርብ የምትቀመጥበት ግንድ ላይ ተቀመጠ። ጠላ ሰጠሁት፤ የተቆጣሁበትን ሰው ደረቅ አፉን መስደድ አላውቅበትም። ጠላውን አጋምሶ "ያን ፎጣ ወርውሬ ግጥሚያውን ማስቆም ነበረብኝ" አለ።  ለካ ያን ሁሉ ዓመት ዳኛ ዳኛ የሚለው እጁ ላይ የቀረውን ፎጣ ላለማየት ኖሯል። አዘንኩለት። ንዴቴ ግን አልበረደም፣ አዘኔታና ንዴት አንድ ቤት ማደር ይችላሉ። ከዚያ ደግሞ ልማዱ አይለቀውም፣ ለሙት ዓመቱ ልጆቹን ከአልዩ አምባ አንኮበር በሩጫ አወጣቸዋለሁ፣ ለተሾመ መታሰቢያ አለኝ። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ።

እንዲህ አልኩት። በባሌ ስም የሚሮጥ ሰው አልፈልግም። ልጆቹ ይምጡ፣ ድንኳን ይኖራል፣ ዳቦና ጠላ ይኖራል፣ ቄሶቹ ይጸልያሉ። በልተው ሲጨርሱ ግቢው ውስጥ ሣር ላይ ይጋደሙ፣ እንቅልፍ የወሰደውንም ማንም አይቀስቅሰው። ተዝካሩ ይህ ነው።  ድንጋዩ ላይ ያለውን ስም ግን ካላጠፋ እኔው ሄጄ በውሃ አጥበዋለሁ ብያለሁ፣ ታውቀኛለህ፣ አደርገዋለሁ።

ስለወሰደህ የኩላሊት በሽታ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር፣ ልትሄድ አካባቢ። ያ የወጣትነት ድርቀት ይሆን ወይ አልኩት። እርግጠኛ መሆን አይቻልም አለኝ። እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ያችን አንድ ጣሳ ውሃ ግን እስክሞት አልረሳትም።

እንግዲህ ልሰናበትህ። አስታውስሃለሁ፣ ግን እነሱ በሚያስታውሱህ አይደለም። ዳገቱ ላይ አላስታውስህም፣ ሪንግ ውስጥም አላስታውስህም። የማስታውስህ ሆሳዕና ዕለት ነው፣ ዘንባባ ጣትህ ላይ፣ እኔና እንስራው እጅህ ላይ፣ አንዲት ጠብታ ሳይፈስ። ለመቅደስም ለልጆቿም የምነግራቸው ይህንን ነው፣ ቃል ገባሁልህ።

እሷ እንደገና ጀምራለች፣ ቀስ ብላ፣ አንተ እንዳስተማርካት። ዛሬ ጠዋት ሳትነቃ አንጓዋን ያዝኩ። ረጋ ብሎ ይመታል። ሩጫ ነበረባት፣ ግን እጇን ለመልቀቅ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ያንተው ዘኑ